ርካሽ ፍላሽ ለሚገዛ ፎቶ አንሺ፦ ማኑዋል፣ ቲቲኤል ወይስ ያገለገለ ኦሪጅናል?

ፍላሽ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ኃይለኛው የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ባለሱቁም ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበትን አውርዶ ፊቱ ያስቀምጥለታል። በርካሹ ዋጋ የሚገኙት ፍላሾች ግን በኃይል ያን ያህል አይበላለጡም። ልዩነታቸውን ለማግኘት የራሳችሁን ሥራ ማየት ይቀድማል። የምታነሱት ሰው ከፍላሹ ያለው ርቀት ባለበት ይቆያል ወይስ በየደቂቃው ይቀያየራል?

ፎቶ ቤት ውስጥ ጉርድ ፎቶ የሚያነሳ፣ ለሱቅ የጫማና የልብስ ፎቶ የሚሠራ፣ ተመራቂን ከነቤተሰቡ አስቁሞ የሚያነሳ ሰው ርቀቱን የሚወስነው ራሱ ነው። ለእሱ ማኑዋል ፍላሽ፣ ማለትም ኃይሉን በእጅ የምታስተካክሉት፣ ይበቃዋል፤ እንዲያውም ይሻለዋል። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ የኋሊት እየሄደ የሚያነሳ፣ አዳራሽ ውስጥ ጭፈራው መሃል የሚገባ ሰው ግን ርቀቱን የሚወስኑለት ሌሎች ናቸው። ይህኛው ቲቲኤል ያለው፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን ራሱ ለክቶ የሚወስን ፍላሽ ይግዛ፤ ለዚያ የሚጨምረውን ገንዘብ አይቆጭበትም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በካሜራ የሚተዳደረው አብዛኛው ሰው ሁለቱንም ዓይነት ሥራ ስለሚሠራ ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ፣ ከረመዳን በፊትና ከዒድ በኋላ ኒካህ፣ ሲመረቁ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢ ተማሪዎች አሉ። በመሃል ያለው ጊዜ የጉርድ ፎቶ ነው።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዚህ ወር ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ፍላሾቹ እርስ በርስ ያላቸው ጥምርታ ግን ብዙም አይናወጥም። ከማኑዋሎቹ ጎዶክስ ቲቲ600ን እንደ አንድ ብንቆጥረው ኒወር ቲቲ560 ግማሹ ገደማ ነው፤ ዮንግኑዎ 560 አራተኛው ስሪት እንደ ቲቲ600 አንድ ገደማ ነው። ከቲቲኤሎቹ ጎዶክስ ቲቲ685 ሁለተኛው ስሪት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ፣ ጎዶክስ ቪ860 ሦስተኛው ስሪት ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። አዲስ የካኖን ወይም የኒኮን ትልቁ ፍላሽ ስድስት እጥፍንም ስለሚያልፍ ከዚህ መመሪያ ውጭ ነው፤ ያገለገለው ግን ብዙ ሰው የሚፈተንበት ስለሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ሆትሹውን እዩ

ስለየትኛውም ፍላሽ ከማሰባችሁ በፊት ካሜራችሁን አውጡና አናቱ ላይ ፍላሽ የሚሰካበትን ብረት ተመልከቱ። ወለሉ ላይ ትንንሽ የብረት ነጥቦች አሉ። መሃል ላይ ያለው፣ ከሌሎቹ የሚተልቀው ክብ ነጥብ «አሁን አብራ» የሚለውን ምልክት ወደ ፍላሹ የሚያሳልፈው ነው። ቲቲ600ም ሆነ ዮንግኑዎ 560 ከካሜራው ጋር የሚነጋገሩት በዚህች አንዲት ነጥብ ብቻ ነው።

ካኖን በርካሾቹ ካሜራዎቹ ላይ ይህችን ነጥብ አስቀርቷታል። 4000ዲ፣ 2000ዲ እና 250ዲ የያዛችሁ ሰዎች መሃሉ ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እዚያ ላይ ቲቲ600 ብትሰኩ ፍላሹ ይበራል፣ ስክሪኑም ይሠራል፤ ፎቶ ስታነሱ ግን አይተኩስም። ብዙ ሰው «ፍላሹ ተበላሽቷል» ብሎ ባለሱቁ ጋ የሚጨቃጨቀው በዚህ ነው፤ ፍላሹ ምንም አልሆነም። በጀማሪ ደረጃ እንደ ጉድ የሚሸጡት ካሜራዎች እነዚሁ በመሆናቸው ጉዳዩ የጥቂት ሰው ችግር አይደለም።

መፍትሔ አለው፣ ግን ግማሽ መፍትሔ ነው። ቲቲ600ም ዮንግኑዎም፣ ሌላው ቀርቶ ኒወር ቲቲ560 እንኳ፣ ኤስ1 እና ኤስ2 የሚባል በብርሃን የመነሳት ዘዴ አላቸው። ፍላሹን ስታንድ ላይ ወይም ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀምጣችሁ ኤስ2 ላይ ታደርጉታላችሁ፤ የካሜራውን የራሱን ፍላሽ ትከፍታላችሁ፤ የትንሹ ብልጭታ ትልቁን ይቀሰቅሰዋል። ኤስ2 መሆን ያለበት የካኖን ፍላሽ ከዋናው ብልጭታ በፊት ለመለኪያ አንድ ትንሽ ብልጭታ ስለሚለቅ ነው፤ ኤስ1 በዚያችው ቀድሞ ተኩሶ ይጨርሳል። ክፍል ውስጥ ይህ ደህና አድርጎ ይሠራል። ቀን ውጭ ላይ፣ ወይም ሌላ ፎቶ አንሺ በፍላሽ በሚሠራበት ሰርግ ላይ ግን አትመኩበት፤ የሰውየው ብልጭታም የእናንተን ፍላሽ ይቀሰቅሰዋል። ነጥቧ የሌለው ካሜራ ይዛችሁ የሰርግ ሥራ ካሰባችሁ፣ ፍላሹን ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁ ካሜራ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። የሱቁ ካሜራ ላይ መሥራቱ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ሶኒ የያዘ ሰውም ይጠንቀቅ። የሶኒ ሆትሹ አሠራሩ ስለሚለይ ቲቲ600 «ኤስ» የሚል ፊደል የተጨመረበት የራሱ ዓይነት አለው። ቲቲኤል ፍላሾችም በካሜራው ዓይነት ይለያያሉ፤ ካርቶኑ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ለካኖን «ሲ»፣ ለኒኮን «ኤን»፣ ለሶኒ «ኤስ» ይላል። የኒኮኑን ገዝቶ ካኖን ላይ የሰካ ሰው የከፈለበትን ቲቲኤል አያገኝም።

ቲቲኤል ምን ይጨምራል?

ፍላሽ ላይ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። ሙሽሮቹ 4 ሜትር ላይ ሳሉ ማኑዋል ፍላሻችሁን አስተካክላችሁ፣ እየሄዱ 2 ሜትር ላይ ሲደርሱ ያነሳችሁት ፎቶ አራት እጥፍ ብርሃን ይገባበታል፤ በእኛ ቋንቋ ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው)። ነጭ ቬሎ ሁለት ስቶፕ ሲያልፍበት ጥልፉም ጨርቁም ጠፍቶ ወረቀት ይሆናል፤ ኮምፒዩተር ላይም አይመለስም። ቲቲኤል ሹተሩ ከመከፈቱ በፊት ደካማ ብልጭታ ለቆ፣ በሌንሱ በኩል የተመለሰውን ለክቶ፣ የዋናውን ብልጭታ መጠን ራሱ ይወስናል። እናንተ መራመድ ብቻ ነው።

ቲቲኤል ግን የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ የሚሞክር ነገር ነው፤ ይህ ጠባዩ በእኛ አገር ልብስ ላይ በደንብ ይታያል። በመልስ ቀን የሀበሻ ቀሚስ የለበሱ ሴቶችና ነጭ ጋቢ የደረቡ አባቶች በረድፍ ተቀምጠው ሲነሱ ፍሬሙን የሞላው ነጭ ነው። ካሜራው «በጣም በርቷል» ብሎ ፍላሹን ያፍነዋል፤ ነጩ አመዳም፣ ፊቱ ደግሞ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ የፍላሹን ማካካሻ ወደ +0.7 ወይም +1 ማድረግ ነው። ጥቁር ካባ የለበሱ ተመራቂዎችን ወይም ጥቁር ዐባያ የለበሱ እህቶችን በቅርብ ስታነሱ ተገላቢጦሹ ይሆናል፤ ካሜራው ብርሃን ይጨምርና ፊት ይነጣል። ወደ -0.7 ዝቅ አድርጉ። ይህን የማያውቅ ሰው ቲቲኤል ገዝቶ «ማኑዋሉ ይሻለኝ ነበር» ቢል አልፈርድበትም።

ስቱዲዮ ላይ ይኸው ጠባይ ችግር ብቻ ነው። አሥር ሰው ለፓስፖርት ሲነሳ አንዱ ነጭ ሸሚዝ፣ አንዱ ጥቁር ጃኬት ይለብሳል፤ ቲቲኤል በየልብሱ ብርሃኑን ይቀያይራል፣ ማኑዋል ግን አንዴ የኃይሉ 1/8 ላይ ካስቀመጣችሁት አሥሩንም ፊት እኩል ያወጣል። ማኑዋል ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው። ቲቲ685 ግን ማኑዋልም ስለሚሠራ ሁለቱን ሥራ በአንድ ፍላሽ ለመሸፈን ለፈለገ ሰው ከሁሉም ያዋጣል ብዬ አምናለሁ።

ካርቶኑ ላይ ያለው 60

ቲቲ600ም ቲቲ685ም ጋይድ ነምበራቸው፣ ማለትም የኃይላቸው መለኪያ፣ 60 ነው ይላሉ። ቁጥሩ የሚለካው በሜትር፣ በአይኤስኦ 100፣ የፍላሹ ጭንቅላት 200 ሚሊ ሜትር ላይ ዙም ሲደረግ ነው፤ ብርሃኑ እንደ ባትሪ ጠቦ ሲሄድ ማለት ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ሰፋ አድርጋችሁ ስትሠሩ ወደ ግማሽ እየተጠጋ ይወርዳል። ዮንግኑዎ 58 የሚለው በ105 ሚሊ ሜትር ነው። ኒኮን ኤስቢ-700 ደግሞ 28 ይላል፤ እሱ ግን በ35 ሚሊ ሜትር የተለካ ስለሆነ ካርቶኑ ላይ እንደሚመስለው ደካማ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ከማወዳደራችሁ በፊት በስንት ሚሊ ሜትር እንደተለኩ ተመልከቱ።

ኒወር ቲቲ560 በተቃራኒው ጋይድ ነምበሩ 38 ነው፣ ጭንቅላቱም ዙም አያደርግም። ከጓደኛ በነፃ ቢገኝ ለመለማመድ፣ ወይም ከጀርባ ያለውን ግድግዳ ለማብራት ደህና ነው። በገንዘብ ግን አልገዛውም። ሬዲዮ መቀበያ ስለሌለው ከካሜራ ለማራቅ ሌላ ዕቃ ያስፈልጋል፤ እሱ ሲደመር ቲቲ600 ላይ ትደርሳላችሁ።

ኃይል በእውነት የሚያስፈልገው ብርሃኑን ከኮርኒስ ላይ መልሶ ማውረድ ሲፈለግ ነው። ፍላሹን ፊት ላይ ቀጥ አድርጎ መተኮስ ግንባርን ያብለጨልጫል፣ ከጀርባ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይጥላል። ወደ ኮርኒስ ሲዞር ብርሃኑ ሰፍቶ ይወርዳል፤ ፊትም ይለሰልሳል። ዋጋው ቢያንስ ሁለት ስቶፕ ነው፤ ቀጥታ 1/16 ይበቃ የነበረው 1/4 ይጠይቃል። ኮርኒሱ ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነ በአይኤስኦ 800 እና በኤፍ 4 ሁሉም እነዚህ ፍላሾች ይወጡታል።

ችግሩ ኮርኒሱ ሁልጊዜ ነጭ አለመሆኑ ነው። የደሴ ሳሎኖች ውስጥ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ የተቀባ ኮርኒስ ሞልቷል፤ የተመለሰው ብርሃን የቀለሙን መልክ ይዞ ይወርዳል። ድንኳን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ውስጡ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ድንኳን ለፎቶ አንሺ ከአዳራሽም ይበልጣል። በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ ሸራ የተጣለ ዳስ ውስጥ ግን ወደ ላይ የተኮሰ ሰው ሙሽራዋን የታመመች ያስመስላታል። እንዲህ ሲያጋጥም ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዙራችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ነጭ መጋረጃ ፈልጉ። እሱም ከሌለ አንድ ረዳት ነጭ ፎም ሰሌዳ ይዞ ይቁምላችሁ። ለዚህ የፍላሹ ጭንቅላት ወደ ላይም ወደ ጎንም መዞር አለበት፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ጎዶክሶችና ዮንግኑዎው ይዞራሉ። ወደ ላይ ብቻ የሚነሱ ትንንሽ ፍላሾች ግን ገበያ ላይ ስላሉ ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ አዙሩት። ካሜራውን አቁማችሁ ቁመተ ረጅም ፎቶ ስታነሱ ወደ ላይ ብቻ የሚነሳው ፍላሽ ወደ ጎን ነው የሚያየው።

ፀሐይ ላይ

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ብርሃኑም ሙቀቱም ይቀየራል። እኩለ ቀን ላይ ሜዳ ላይ የሚነሱ ሙሽሮች ዓይናቸው ሥር ጥላ ይጠቁራል፤ ፍላሹ የሚያስፈልገው ያንን ለመሙላት ነው። ካሜራችሁ ግን ከፍላሽ ጋር የሚሄድበት የሹተር ጣሪያ አለው። ካኖን 700ዲና 2000ዲ 1/200፣ ካኖን 6ዲ 1/180፣ ኒኮን ዲ7000 1/250 ነው። ከዚያ ካለፋችሁ የፎቶው አንድ ጎን ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በደማቅ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100፣ በ1/200 አፐርቸሩ ወደ ኤፍ 11 ይሄዳል፤ ከጀርባ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ሙሽሮቹን ከጀርባቸው ለይቶ በኤፍ 2.8 ማንሳት የፈለገ ሰው ኤችኤስኤስ ያስፈልገዋል፤ ሹተሩን እስከ 1/8000 የሚያስኬደው እሱ ነው።

ቲቲ685 እና ቪ860 ካሜራው ላይ ተሰክተው ኤችኤስኤስ ይሠራሉ። ቲቲ600 ላይ አንድ ብልሃት አለ። ካሜራው አናት ላይ ኤችኤስኤስ አይሠራም፤ ከካሜራ ርቆ በጎዶክስ ትሪገር (ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን በሬዲዮ በሚያዝ ዕቃ) ሲታዘዝ ግን ይሠራል። ዮንግኑዎ 560 በየትኛውም መንገድ አይሠራም። ኒኮን ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ተከታታይ ካሜራዎች ደግሞ ራሳቸው ኤችኤስኤስ አያውቁም፤ ዲ3200 ወይም ዲ5300 የያዘ ሰው ለዚህ ብሎ ውድ ፍላሽ አይግዛ። ኤችኤስኤስ የፍላሹን ኃይል ክፉኛ እንደሚበላም አስቡ፤ በዚያ ፀሐይ ፍላሹ ከሰውየው ሁለት ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ለብዙ ሰው ርካሹ መንገድ ሌንሱ ላይ የሚጠለቅ፣ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ነው። ሦስት ስቶፕ የሚቀንሰው ኤፍ 11ን ወደ ኤፍ 4 ያወርድላችኋል፣ ማኑዋል ፍላሽም በቀጥታ ይሠራል። ወይም ደግሞ ሙሽሮቹን ዛፍ ጥላ ሥር መውሰድ ነው፤ እሱ በነፃ ነው።

የድንጋይ ነገር

ስለ ፍላሽ ሲወራ የሚረሳው፣ ሰርግ መሃል ላይ ግን የሚያስለቅሰው የባትሪ ድንጋይ ነው። ቲቲ600፣ ቲቲ685 እና ዮንግኑዎው አራት ደብል ኤ ይወስዳሉ፤ ግድግዳ ሰዓት ውስጥ የሚገባውን ዓይነት። በየኪዮስኩ የሚሸጠው ርካሹ ድንጋይ ለሰዓትና ለሬዲዮ የተሠራ ነው። ፍላሽ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ይህ ድንጋይ ያን ያህል መስጠት አይችልም። ጥቂት ከተኮሳችሁ በኋላ ፍላሹ ለመሙላት አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ መውሰድ ይጀምራል። ቀለበቱ ጣት ላይ የሚገባው በሁለት ሰከንድ ነው። አልካላይኑ ይሻላል፣ ሲቆይ ግን እሱም ይዳከማል፤ በሰርግ ብዛት ሲሰላም ወጪው ያማርራል።

የሚያዋጣው በቻርጅ የሚሠራው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ ነው። ላዩ ላይ 1.2 ቮልት ስለሚል ከ1.5ቱ የሚያንስ ይመስላል፤ ፍላሽ የሚፈልገውን ኃይል ሳይወድቅ የሚሰጠው ግን እሱ ነው። ጎዶክስ ራሱ ለቲቲ600 2.6 ሰከንድ የመሙያ ጊዜና በሙሉ ኃይል 230 ገደማ ብልጭታ የሚለው እንዲህ ባለ ጥሩ ድንጋይ አስቦ ነው። በ1/4 ብትሠሩ ቁጥሩ በአራት እጥፍ ያድጋል። ላዩ ላይ 4000 እና 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ደብል ኤ ካያችሁ እለፉት፤ በዚህ መጠን ያለ ኒኬል ድንጋይ ያን ያህል አይይዝም። እውነተኛው ከ2000 እስከ 2800 ባለው ውስጥ ነው። ሁለት ሙሉ ስብስብ፣ ማለትም ስምንት ፍሬ፣ ይኑራችሁ። አንዱን አዲስ ከአንዱ አሮጌ ጋር አትቀላቅሉ። ቻርጀሩም እያንዳንዱን ድንጋይ ለየብቻ የሚሞላ ይሁን።

ቪ860 የራሱ ትልቅ ሊቲየም ባትሪ አለው። በሙሉ ኃይል በ1.5 ሰከንድ ይሞላል፣ በአንድ ቻርጅ 480 ብልጭታ ይሰጣል፤ ሁሉም ሰርገኛ አብሮ በሚጨፍርበት አዳራሽ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ ባትሪው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ማታ ቻርጅ ላይ አድርጋችሁት መብራት ሄዶ ቢያድር ጠዋት መፍትሔ የላችሁም፤ ደብል ኤ የሚወስደው ፍላሽ ግን ከጨነቀ ከኪዮስክ አልካላይን ተገዝቶለትም ይሠራል። ባትሪው ሲያረጅም ተተኪውን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ሊጠበቅባችሁ ነው፤ የሁለተኛው ስሪት ባትሪ ደግሞ ለሦስተኛው አይሆንም። በየሳምንቱ ሰርግ ያለው ሰው ሁለተኛ ባትሪ አብሮ መግዛት ከቻለ ቪ860 ይግዛ። ካልቻለ ልዩነቱን ለስምንት ጥሩ ድንጋይና ለቻርጀር አውሎ ቲቲ685 ይያዝ።

ኤልኢዲ መብራት ገዝቼ ፎቶም ቪዲዮም በእሱ ልሥራ የሚል ሰውም አለ። ለቪዲዮ ግድ ነው፤ ለፎቶ ግን አይተካም። ጎዶክስ ለቲቲ600 የሚሰጠው የብልጭታ ርዝመት ከ1/300 እስከ 1/20000 ሰከንድ ነው፤ እስክስታ ላይ ትከሻውን ቀጥ አድርጎ የሚያስቀረው ይህ ነው። በኤልኢዲ ያነሳችሁት ትከሻ ተንቀጥቅጦ ይወጣል።

ጓደኞቻችሁ ምን ይዘዋል?

ፍላሹን ከካሜራ ማራቅ ከጀመራችሁ የሬዲዮ ነገር ይመጣል። ጎዶክሶቹ ሁሉ በ2.4 ጊጋኸርትዝ አንድ ዓይነት ሥርዓት ይነጋገራሉ፤ ዛሬ የገዛችሁት ቲቲ600 ነገ ቲቲ685 ስትጨምሩ የእሱ ታዛዥ ይሆናል። ዮንግኑዎ 560 የራሱ ሥርዓት አለው፤ ከጎዶክስ ጋር አይግባባም። ሁለቱን ለብቻቸው ብናያቸው 560 አራተኛው ከቲቲ600 የሚያንስበት ነገር ትንሽ ነው፤ ላኪም ተቀባይም ውስጡ አለው፣ ጠንካራም ነው። የማስመርጠው ግን ቲቲ600 ነው፤ በእሱ የጀመረ ሰው ወደ ቲቲኤል ሲያድግ የያዘውን አይጥልም። አብረዋችሁ የሚሠሩት፣ በጥድፊያ ሰዓት የምትዋዋሱት ጓደኞች ሁሉ ዮንግኑዎ ከሆነ የያዙት ግን እናንተም ዮንግኑዎ ብትገዙ አልቃወምም። ትሪገሩ ሲበላሽ የሚደርሰው ቅርብ ያለ ጓደኛ ነው።

ማራቁ ደሴ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ክረምት ላይ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን ካሜራው አናት ላይ ያለ ፍላሽ ከሰውየው በፊት ጉሙን ነው የሚያበራው፤ ፎቶው ነጭ መጋረጃ ይመስላል። ፍላሹ በስታንድ ከጎን ወይም ትንሽ ከኋላ ሲሆን ያው ጉም በሰውየው ዙሪያ ብርሃን ሆኖ ይቀመጣል። ለዚህ ቲቲ600፣ አንድ ትሪገርና ስታንድ ይበቃል። ርጥበቱን ግን ፍላሹ አይወድም፤ ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያጠራቅም ካፓሲተር አለ፤ ርሶ እንደሆነ አትፍቱት፣ ድንጋዩን አውጥታችሁ በደንብ እስኪደርቅ ተዉት።

ያገለገለ ኦሪጅናል

«ኦሪጅናል ካኖን እያለ ቻይና ምን ያደርግልሃል?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ካኖን 580ኢኤክስ 2፣ 430ኢኤክስ 2፣ ኒኮን ኤስቢ-600 በጥሩ ይዞታ ከተገኙ ጥሩ ፍላሾች ናቸው፤ ቲቲኤላቸው ከካሜራው ጋር ሲግባባ ያስቀናል። ነጥብ የሌላት ካኖን ለያዘ ሰውም 430ው ከችግሩ ያወጣዋል፤ የካኖን ፍላሽ በሌሎቹ ነጥቦች ስለሚነጋገር። ሬዲዮ ግን የላቸውም፣ በብርሃን ነው የሚታዘዙት። ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ዋጋቸው ከአዲስ ቲቲ685 በግልጽ ካላነሰ አልገዛቸውም።

ከዚያም የቆዩ፣ የፊልም ዘመን ፍላሾች በአሮጌ ዕቃ መሃል ያጋጥማሉ። እነዚህን ዲጂታል ካሜራ ላይ አትስኩ። አንዳንዶቹ በመሃለኛዋ ነጥብ ላይ ከ200 ቮልት በላይ ይለቃሉ፤ ጥንታዊ የቪቪታር 283 ምርቶች በዚህ ይታወቃሉ። ካሜራው ወዲያው ባይቃጠል እንኳ ቆይቶ ሊቃጠል ይችላል።

ሱቅ ውስጥ

አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ካሜራችሁንና የራሳችሁን አራት የተሞላ ድንጋይ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁ «አብሽር፣ ይሠራል» ሲል ፈገግ ብላችሁ ክዳኑን ክፈቱት። ስፕሪንጎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ድንጋይ ውስጡ ፈስሷል ማለት ነው። በሙሉ ኃይል፣ 1/1 ላይ፣ አሥር ጊዜ አከታትላችሁ ተኩሱ፤ በየመሃሉ የሚሞላበትን ጊዜ አዳምጡ። በጥሩ ድንጋይ ሁለትና ሦስት ሰከንድ መውሰድ ያለበት ስድስትና ሰባት ከወሰደ ካፓሲተሩ ደክሟል። ዓመታት ተቀምጦ የነበረ ፍላሽ ሲጀምር ሊዘገይ ስለሚችል አንድ ዕድል ስጡት፤ ጥቂት ጊዜ ተኩሳችሁ ካልተሻሻለ መልሱት።

ቀጥሎ ዝቅተኛው ኃይሉ ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ፣ ከዚያ በየደረጃው ከፍ አድርጉ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀደመው መብራት አለበት። ሁሉም እኩል ከወጣ የኃይል መቆጣጠሪያው ሞቷል። የፍላሹን ፊት በብርሃን ላይ አድርጋችሁ ቱቦውን ተመልከቱ፤ ጫፎቹ ላይ ጥቁረት ካለ ብዙ ተኩሷል። ጭንቅላቱን በሁሉም አቅጣጫ አዙሩ፣ እግሩን ሰክታችሁ ወዝውዙ፤ የፕላስቲክ እግር ከሁሉ ቀድሞ የሚሰበር ቦታ ነው። ቲቲኤል ከሆነ አንድ ሰው 1 ሜትር፣ ከዚያ 3 ሜትር ላይ አቁማችሁ ምንም ሳትነኩ አንሱት፤ ሁለቱም ፎቶ ተቀራራቢ ብርሃን ካላቸው ክፈሉና ውጡ።